በሁዳዴ የተበየደ ማሻከሪያ

የተቃጠለ ሙጫና የቀለጠ እርሳስ ሽታ አፍንጫዬ ላይ በደረሰ ቁጥር ወደ አራተኛ ክፍል እመለሳለሁ። ከቢቸናው ትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት በር ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር። በሩን ገፋ አድርገን ስናይ፣ የክፍላችን ልጅ ገብረ ሕይወት ተንበርክኮ፣ በከሰል ያጋለውን ሚስማር በጨርቅ ይዞ፣ የ«ትምህርት በራዲዮ»ን ራዲዮ ሆድ ይጎረጉራል። ራዲዮው ምንም አልሆነም፤ ጤነኛ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጆሮውን ጠምዝዘው «ምን ጎደለው ብለህ ከፈትኸው?» ሲሉት፣ «ድምፁ በጣም ለስልሶ ያስተኛል» አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራዲዮውን ጉንፋን ያዘው። ያን ዓመት ቢቸና አራተኛ ክፍል የነበርን ልጆች በሙሉ እንግሊዝኛን የተማርነው ከጎረነነ ጉሮሮ ነው። ኋላ እኔ መምህር ሆኜ ሞጣ ስመደብ፣ ተማሪዎቼ «መምህር፣ እንግሊዝኛ ሲያነቡ ለምን ይቆጣሉ?» ይሉኝ ነበር።

ብዙ ሰው በልጅነቱ ያበላሸውን ነገር ሲያድግ ያፍርበታል። ገብረ ሕይወት ግን ማበላሸቱን ሙያ አደረገው፤ ያውም «የኔታ» የሚያስብል ሙያ።

«የኔታ» የሚለውን ማዕርግ ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ መርጡለ ማርያም ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። ሦስት ዓመት እየለመነ ተማረ። በቅኔ ቤት ሥርዓት ያማረ ቅኔ የሰማ ሁሉ «ይበል!» ይላል፤ ይህች አንዲት ቃል ለተማሪው ከእንጀራ ትበልጣለች። ደግሞም ቅኔ አይደገምም፤ የሰው ቀርቶ የራስን መድገም ነውር ነው። በሦስተኛው ዓመት ገብረ ሕይወት በመምህሩ ፊት ቆሞ አንድ ቅኔ አቀረበ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙትና «ይህንስ አምና ብለኸው ነበር» አሉት። ተማሪው ሁሉ ሣቀ። አኮፋዳውን አንሥቶ ቢቸና ገባ። ከቅኔ ቤት ይዞ የመጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ዓይንን ጨፍኖ መስማትና ሰውን ማዋረድ።

መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ራዲዮና ቴፕ እየጠገነ ኖረ። ራዲዮ የሚያሠራ ሰው እየጠፋ ሲሄድ የሰርግ ባንዶች መጡ። ጊታር መቺውም፣ ክራሩ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ የቀጠለውም፣ በእግሩ የሚረግጠው፣ ድምፅ የሚያሻክር «ዲስቶርሽን» ፔዳል ይፈልጋል። መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ አይመጣም፤ ሲከፈት የሚመጣውም ሁለት ሰርግ አይዘልቅም። ገብረ ሕይወት ከአሮጌ ባለቆዳ ራዲዮዎች ሆድ ድምፅ የሚያጎላውን የጥንት ትራንዚስተር እየነቀለ የራሱን መሥራት ጀመረ። ስሙንም «ማሻከሪያ» አለው። ነገሩ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። የክሩን ድምፅ ከአቅሙ በላይ ታጎላዋለህ፤ ከዚያ ጫፉን ትቆርጠዋለህ። የተቆረጠ ድምፅ ይሻክራል፣ ያጉረመርማል፤ ሰርገኛው ይዘላል። ሳጥኑ የመብራት ቆጣሪ ክዳን ወይም ከበርሜል የተቆረጠ ላሜራ ነው፤ መርገጫው የራስጌ መብራት ማብሪያ። የከተማው ሰው ግን ሌላ ስም አወጣለት፤ «የኔታ ቆርቆሮ»።

አንድ ቀን ከደጀን አንድ ጊታር መቺ እንደ ከረሜላ የሚያብረቀርቅ ፔዳል ይዞ መጣ።

«የኔታ፣ ለዚህ ትንሽ ጉልበት ይጨምሩልኝ።»

ገብረ ሕይወት በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሸተተው። «ይህማ ሳሙና ነው። ልብስ አጥበህበታል?»

«ኧረ የኔታ! ከውጭ የመጣ ነው እኮ!»

«ከውጭማ ዝናብም ይመጣል። እስቲ ምታው።»

መታው። ገብረ ሕይወት ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና ራሱን ነቀነቀ። «ሕፃን ነው፣ ሳል ይዞታል። ለእናቱ ስጣትና ዳማከሴ ታሽትለት።»

ሰውየው እየተሳደበ ወጣ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ቆርቆሮ አዘዘ። ሁሉም እንደዚያ ነበሩ። ተሰድበው ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይለምናሉ። ሰው ስድቡን የዕቃው ጥራት ምስክር አድርጎ መውሰዱ ከዕቃውም በላይ ይገርመኝ ነበር።

የራሱ ጥፋት ግን ለእሱ ጥፋት አልነበረም። አንድ ዓመት «ቆርቆሮ አይመጥነውም» ብሎ ከወይራ እንጨት ሳጥን ሠራ። እንዲህ ያለ ነገር ብረት ካልለበሰ የራዲዮ ሞገድ እንደሚስብ እኔ እንኳ አውቃለሁ። በአንድ ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ፣ ጊታሩ ሊጀምር ሲል፣ ከድምፅ ማጉያው የአየር ጠባይ ትንበያ ወጣ፤ «በምሥራቅ ጎጃም በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል። የሙሽራዋ አባት በእፍረት ሊሞቱ ደረሱ። ለገብረ ሕይወት ሲነገረው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሌላው ሰው ጊታር ብቻ ይሰጣል፣ እኔ ራዲዮም መረቅሁላቸው። ለመሆኑ ዘነበ አልዘነበም?»

ዘንቦ ነበር።

የሠራውን ሁሉ፣ ማንም ከፍቶ እንዳይቀዳው፣ የተራረፈ ጧፍ አቅልጦ ሆዱ ውስጥ ሰም ያፈስስበታል። ሥዕሉን በወረቀት አያኖርም። ሁለት አንድ ዓይነት ማሻከሪያም ሠርቶ አያውቅም። «ያንን የአምናውን ይድገሙልኝ» ያለውን ሁሉ «የተባለ ቅኔ ይደገማል ወይ?» እያለ ያባርራል። ስለዚህ ከቢቸና እስከ ሞጣ በየሰርጉ የሚረገጠው ቆርቆሮ ሁሉ በሆዱ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ገብረ ሕይወትም ጭምር። ረስቶታል። ይህንን ነበር ጥበብ የሚለው።

ወለተ ሐና እዚያች ክፍል የገባችው ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ፣ ሁለት ዓመት ሞባይል ስትጠግን ቆይታ ነው። ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ከገብረ ሕይወት ጋር ሠርታለች። ነገሯ ቁጥብ፣ እጇ እንደ መርፌ የቀና። የመበየጃ ካውያዋን ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው፤ የእሱ ካውያ በሬ የሚተኮስበት ይመስል ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ የገብረ ሕይወት እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዓይኑም ደከመ። ከዚያ ወዲህ ስታኞ፣ የመበየጃውን እርሳስ፣ የነካች እሷ ብቻ ናት። እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ «እዚያ ጋ ቀጥዪ፣ እዚህ ጋ ቁረጪ» ይላል፤ እሷ የሚሆነውን ትሠራለች። ሰው ሲመጣ «ሠራሁት» የሚለው እሱ ነው።

እኔ ይህን የማውቀው በእኅቴ ልጅ በይታያል በኩል ነው። ይታያል ሞጣ ላይ የሰርግ ባንድ አለው፤ ጊታር ይመታል። ከስምንት ዓመት በላይ የረገጠው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የቆጣሪ ክዳን ነው፤ ገብረ ሕይወት እጁ ሳይታመም የሠራው። ዘንድሮ በጥር፣ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው ሰርግ ሊሠሩ ሄዱ። ቢቸናና ሞጣ ደጋ ናቸው፤ ገብረ ሕይወት ማሻከሪያውን ሁሉ የሚለካው በቢቸና የጠዋት ብርድ ነው። የጥንቱ ትራንዚስተር ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው ይሰክራል። ከቀትር በኋላ ድምፁ ታፍኖ ታፍኖ፣ ጉሮሮው እንደ ተያዘ ፍየል ሆነ። ሰሙም ላልቶ በመርገጫው ቀዳዳ ወጣና የይታያልን ጫማ ከሳጥኑ ጋር አጣበቀው። የሙሽራው ሚዜዎች «ጊታሩ ይቅርና ጫማውን አላቁት!» እያሉ ሣቁ። ይታያል ከነጫማው ሳጥኑን እየጎተተ ከዳሱ ወጣ።

ጾም ሲገባ ሳጥኑን ይዞ ቢቸና ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድሁ።

«ሙቀት አይችልም፣ የኔታ» አለው ይታያል።

«ማን ነው ሙቀት የማይችለው? እሱ ወይስ አንተ?»

«እሱ። በረሃ ላይ ዝም አለ።»

«በረሃ የወረደ ባሕታዊም ዝም ይላል። ማን ውረድ አለህ?» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ጠመኔ፣ ልጁን ያሳደግኸው አንተ ነህ? አሳምረኸዋል።»

ወለተ ሐና ሳጥኑን ተቀብላ አገላበጠችው። «የኔታ፣ ይህ ሆዱ በሙሉ መቀየር አለበት። በሌላ ልሥራው?»

«ሆዱማ የእኔ ነው፤ ምኑን ትቀይሪዋለሽ? የተበጠሰ ሽቦ ፈልገሽ ቀጥዪ፣ ሰሙንም ሙዪ» አላት፤ ጆሮውን ሰጥቶ የሰማት አልመሰለኝም።

በሁዳዴ ቢቸና ላይ ሰርግ የለም፣ ከበሮ አይመታም። የሰርግ ባንድ ሁሉ የተበላሸ ዕቃውን የሚያመጣው ያን ጊዜ ነው። ገብረ ሕይወት ግን በጾም በቤቱ ጊታር አያስነካም። ስለዚህ ኀምሳ አምስቱን ቀን ሁሉ ነገር ያለ ድምፅ ይበየዳል፤ የሚሰማው የዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ነው። እንደ ጋን ጠላ ተከድኖ ይከርማል፣ ይምረር ይጣፍጥ የሚታወቀው ሲከፈት ነው።

በጾሙ እኩሌታ ለሌላ ጉዳይ ቢቸና ስወርድ ወደ መጠገኛዋ ክፍል ጎራ አልሁ። ገብረ ሕይወት ቅዳሴ ሄዶ ነበር። ወለተ ሐና የአረንጓዴውን ሳጥን ሆድ ከነሰሙ እንደ ኩላሊት አውጥታ በጋዜጣ ላይ አስቀምጣዋለች። በቦታው ከሞተ ቴሌቪዥን የነቀለችውን ሙቀት የሚችል አዲስ ዓይነት ትራንዚስተር፣ ድምፁን የሚቆርጡ ሁለት የጥንት ዳዮዶችና በካቻቪቴ የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ እየበየደች ነበር።

«ሰም አታፈስሺበትም?» አልኋት።

«ምን ይሠራል? ነገ ቢበላሽ የሚጠግነው ሰው በምን ያየዋል?» ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አሳየችኝ፤ ሥዕሉን ከነቁጥሩ አሳምራ ሥላዋለች። «ይህን አጥፌ ከክዳኑ ሥር አኖረዋለሁ።»

«የኔታ ቢያዩ?»

«የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዩት» አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ ካውያውን ማስቀመጫው ላይ ሰካችው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሞጣ፣ ከመናኸሪያው ጎን የምትከራይ ክፍል አለች አሉ። እስከ ዳግም ትንሣኤ ማግስት ያስይዙልኝ።»

«ልትለቂ ነው?»

«አላውቅም። ይህ ከጀመርሁ እስክጨርስ የራሴ የሆነ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሰኞ ለት ሰምተው አንድ ጊዜ "ይበል" ካሉኝ፣ እስኪሞቱ ድረስ እጃቸው ሆኜ እቀመጣለሁ። ካላሉኝ ሞጣ እገባለሁ።»

«ለአንዲት ቃል?»

«ዘጠኝ ዓመት ለአንዲት ቃል አነሰ?»

ሞጣ ተመልሼ ክፍሏን አስያዝሁላት። ገብረ ሕይወት ያለ እሷ እጅ ምን እንደሚሆን አስቤ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ለሰው የምክር ቃል ያለውን ንቀት ስለማውቅ ተውሁት። ዛሬ ሳስበው፣ የእኔም ዝምታ ከእሱ ንቀት ብዙ አይሻልም።

የዳግም ትንሣኤ ማግስት ከይታያል ጋር ማልደን ደረስን። ክፍሏ ያው ናት፤ ሦስት ርጩማ፣ አንድ የተቀደደ ድምፅ ማጉያ፣ ግድግዳው ላይ የራዲዮ አጽም። ወለተ ሐና አረንጓዴውን ሳጥን እንደ እሱ በጠዋት ብርድ ሳይሆን በቀን ሐሩር ነው የፈተነችው፤ ትናንት ውሎውን የቆርቆሮ ጣራ ላይ ፀሐይ አስመትታዋለች። አሁን ደግሞ የከሰል ምድጃ አቀጣጥላ፣ በላዩ ምጣድ ሳይሆን ላሜራ ጥዳ፣ ሳጥኑን ከዳር አስቀምጣው ነበር። እጅ ያቃጥላል።

«ይህ ምንድን ነው? ሳጥን እንደ ቡና ልትቆዪ ነው?» አላት ገብረ ሕይወት።

«የዓባይ በረሃ ነው፣ የኔታ። ከመስማትዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ይህ ሥራ...»

«ዝም በይ። በሚሰማ ነገር ፊት አይወራም።» ዓይኑን ጨፈነ። «ምታው፣ አንተ ባለ ጫማ።»

ይታያል ገመዱን ሰካ፤ በጨርቅ የያዘውን ሳጥን መሬት አስቀምጦ ረገጠው፤ መታ።

እኔ ስለ ሙዚቃ አዋቂ አይደለሁም። ነገር ግን ያ ድምፅ ወፍራም ነበር፣ ሻካራ ነበር፣ ውስጡ ግን ክሩ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፤ እያንዳንዱ ክር ለብቻው። ይታያል ራሱ ደንግጦ ቆመና እንደገና ጀመረ። ደጅ የቆመው የባጃጅ ነጂ ሞተሩን አጠፋ። ወለተ ሐና ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ፣ የምታየው የገብረ ሕይወትን ከንፈር ብቻ ነበር።

ገብረ ሕይወት ራሱን ወደ ኋላ ጣለ። ጉልበቱን በመዳፉ መታ።

«ይበል!» አለ። «ይበል! ይበል!»

ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀች ቃል ሦስት ጊዜ ወጣች። ወለተ ሐና እጇን ከሽርጧ አወጣች። ይታያል ወደ እሷ ዞሮ ሣቀ፤ እኔም የሞጣውን ክፍል ለባለቤቱ እንዴት እንደምመልስ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ሰማህ፣ ጠመኔ?» አለ ገብረ ሕይወት፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ። «እጄ ደኅና ሳለ የሠራሁት ነው። ሙቀት አይችልም ይሉኛል! ሽቦ ብቻ ነበር የጎደለው። ይህ እኮ የወንድ ልጅ ሥራ ነው፤ የዛሬ ልጆች ይህን ይሠራሉ? ያጨማልቁታል እንጂ!»

ወለተ ሐና ከመሳቢያው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«የኔታ፣ የእርስዎ ይኸውና» አለችው።

በጣቱ ዳበሰው። ሰሙን በጥፍሩ ፋቀ። የሁለቱን ትራንዚስተሮች እግር ነካ።

«ታዲያ ያ የማን ነው?»

«የእሷ ነው» አልሁት። «ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሥዕሉም ከክዳኑ ሥር አለ።»

ያን ጊዜ ዓይኑን ገልጦ ቢያያት ኖሮ ይበቃ ነበር፤ ሌላ ቃል እንኳ አያስፈልገውም ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ይበልጥ ጨፈነው።

«ይበሉን ለሳጥኑ ነው ያልሁት» አለ።

«ገብረ ሕይወት!» አልሁት። «በቅኔ ቤት የወጣ ይበል ይመለሳል እንዴ?»

«አንተ ስለ ቅኔ ቤት ምን ታውቃለህ? ከእኔ ቤት የወጣ የእኔ ነው። ደግሞ አሁን ሳስበው ቀጭን ነው። አዎ፣ ቀጭን ነው። አፉ ላይ ስኳር ነገር አለበት፤ ለሙሽራ ይሆናል፣ ለጎበዝ አይሆንም። ሥዕል አስቀመጥሁ ትላለች! ቅኔ በደብተር! ለሌባ ቁልፍ መስጠት ነው እንጂ ምንድን ነው?»

«የኔታ፣ እኔ ወድጄዋለሁ» አለ ይታያል።

«አንተማ ሰሙንም ወደኸው ተጣብቀህበት ነበር።» የሚንቀጠቀጥ እጁን ዘረጋ። «ወለተ ሐና፣ ካውያውን አቀብዪኝ። እኔ አርመዋለሁ።»

ወለተ ሐና ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው። ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጠረገችው፤ ችስስ አለ።

«እንዲያ ነው፣ አጽጂልኝ» አለ ገብረ ሕይወት። «መጀመሪያ ያንን ሁለተኛውን ዳዮድ እነቅለዋለሁ። ከዚያ...»

ገመዱን በክርኗና በመዳፏ መካከል ጠቀለለችው። ካውያውን በእርጥብ ጨርቅ አድርጋ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው፤ የምትወደውን ትንሽ መቆንጠጫም ጨመረች። ሽርጧን ፈትታ ርጩማዋ ላይ አጥፋ አኖረችው። እኔን አላየችኝም፤ ይታያልንም አላየችውም።

«...ከዚያ አንድ ሌላ የጥንት ትራንዚስተር አለችኝ፣ ከሳጥኗ ውስጥ ናት፤ እሷን ስናገባባት ድምፁ ወንድ ይሆናል። ምን ትጠብቂያለሽ? ካውያውን!»

እጁ እንደ ተዘረጋ፣ ዓይኑ እንደ ተጨፈነ ነበር። ወለተ ሐና ያን የተዘረጋ እጅ እንዳትነካው ጎንበስ ብላ አለፈችና፣ በሩን ገፍታ፣ ወደ መናኸሪያው ወጣች።